ናሙና ዐሥራ ዘጠኝ

ኮምቦልቻ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። መብራት ጠፍቷል፤
የቦርከና ድምፅ ብቻ በመስኮት ገብቷል።
ጦይባ በስልኳ ብርሃን ፔርሙሷን ከፍታ
ፍል ውሃ ትጨምራለች ገንዳው ውስጥ፣ ጠብታ በጠብታ፣
ቴርሞሜትሩ ላይ ዓይኗን ተክላ፤
ሠላሳ ስድስት… ሠላሳ ሰባት… «በቃ፣ እዚያው!» ብላ።
የሰው ገላ ሙቀት ነው የምትጠብቀው፣
ገና ላልመጣ ሰው፣ ለማታውቀው።

ከሃያ አራቱ የቀሩት ገንዳው ውስጥ ቆመዋል፤
በየጠርሙሱ ጨው ውሃ ብሎኖች ሰጥመዋል፤
ቁመታቸው የጣት አንጓ፣ ውፍረታቸው የስንዴ አገዳ፣
ላያቸውን መድኃኒት የለበሱ፣ የአጥንት እንግዳ።
ስብራቱ እስኪገጥም ድረስ ትጉህ ሎሌ፣
ሲገጥም ግን ውሃ የነካው አሞሌ።
ይህ ነው ተስፋው። ተስፋ ደግሞ ይፈተናል፤
በየሰኞው ዕጣ የደረሰው ይወጣል፣
ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተመዝኖ፣
ሁለት ድጋፍ ላይ ይጋደማል ድልድይ ሆኖ።
ከላይ የማሽኑ ጥርስ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤
«ስንት ኒውተን ትችላለህ?» ይለዋል።
ብሎኑ ዝም ብሎ ይጎብጣል፣ ይጎብጣል፣
ከዚያ፣ ቀጭ!

በመጀመሪያው ሰኞ ሁለት መቶ አሥር፤
በስምንተኛው መቶ ሃያ፣ እንደታሰበው ጉልበቱ ሲያጥር።
እንድሪስ ይመዘግባል፤ ልጅ ነው፣ ዘንድሮ የተመረቀ፣
ቁጥሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ፊቱ የወደቀ፣
«መድከምም ሥራ ነው» ከሚለው ቃሏ ያልታረቀ።

ጦይባ ቁጥሩን ስታይ ቅልጥሟን ታሻለች፤
በዐሥራ ሰባት ዓመቷ ሐረጎ ላይ ከሚኒባስ ጋር ተንከባለለች።
ስድስት ብሎን፣ አንድ ዝርግ ብረት፤
አጥንቷ ከገጠመ ዐሥራ ስምንት ዓመት።
ብረቱ ግን አልሰማም፤ ዛሬም ዘብ ያድራል፣
ጦርነት ማለቁን ያልነገሩት ወታደር ይመስላል።
ጦሳ ጭጋግ ሲደፋ፣ ደሴ በወጣች ቁጥር
ብርዱ መንገዱን ያውቃል፤ ይገባል ሲነዝር፣ ሲነዝር።

የወረባቦው ወጌሻ፣ ጋሽ ይመር፣
አንድ ቀን ቤተ ሙከራውን ሊያይ መጥቶ ነበር።
ማሽኑን ዞሮ አየ፣ ብሎኑን በጥፍሩ ጫረ፣
ወደ ብርሃን አነሳ፣ አሸተተ፣ ከዚያ ተናገረ፦
«ማሰርማ ማንም ያስራል፤ ሸንበቆ ሞልቷል፣ ጨርቅ ሞልቷል።
ወጌሻ የሚባለው ግን የሚፈታበትን ቀን ያውቃል።
ቀድሞ የፈታ ያስነክሳል፤
ዘግይቶ የፈታ እግር ያሰንፋል።
ይህ ዕቃ ቀኑን ያውቃል?»
አላወቀችም። ሻይ አዘዘችለት።

ነጋ። ሰኞ ነው፣ ዐሥራ ሁለተኛው። መብራት መጣ።
ከገንዳው ናሙና ዐሥራ ዘጠኝ ወጣ።
መቶ። መቶ ሃምሳ። ሁለት መቶ። ንቅንቅ አላለ።
ሁለት መቶ አራት ላይ ነው የተሰበረው፤ እንድሪስ «ጀግና!» አለ፣
አጨበጨበ፤ «ሁሉም ሲደክም እሱ ጸና!
ዛሬ የተሠራ ይመስላል፣ አዲስ ነው ገና!»

ስባሪውን በአጉሊ መነጽር አየችው፤ ልባሱ ወፍሮ
ውሃውን ከደጅ መልሷል፣ መድኃኒቱን ውስጡ አስሮ፤
ሦስት ወር ሙሉ ለማንም ምንም አልሰጠ።
ቀይ ብዕር አነሳች። «ወድቋል።» የልጁ ፊት ተለወጠ።
«እንዴት ይወድቃል? ከሁሉ በላይ ተሸከመ!»
«ተሸከመ። ማውረድ ግን አልቻለም፤ እንዲሁ ቆመ።»
ምክንያት በሚለው ሣጥን ጻፈች፦ «ቀኑን አላወቀም።»
ልጁ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም።

ጠረጴዛውን ጠርጎ፣ ስባሪውን በላስቲክ አሽጎ ሲጨርስ
እግሯን አየና ጠየቀ፣ እንደ ዋዛ፣ ድምፁን ሲቀንስ፦
«የአንቺንስ ለምን አታስወጪውም?»
«ተመዝግቤያለሁ፣ አምና። ወረፋው አልደረሰም።»

ዐሥራ ሁለት ጠርሙስ ይቀራል። መብራቱ አይታመንም።
ፔርሙሷን ይዛ ወጣች፤ ደረጃው ላይ
ማነከሷን አልደበቀችም።